ባዶ ተብሎ የተሸጠው ጠመንጃ

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሰላምታዬን በአጭሩ ላድርገውና ወደ ነገሬ ልግባ፤ ሰላምታ ማርዘም ያንተ ሙያ ነው። ሁላችንም ደህና ነን። ልጄ ድንቢጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት። ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ደርሷል፣ አፏ ግን እኔን ካለፈኝ ቆየ።

ጠመንጃው ደርሶናል። የጭነት መኪናው ሹፌር በብርድ ልብስ እንደጠቀለልከው እስከ በራችን ድረስ አቅፎ አመጣልን። አናጢው ባለቤቴ ከእንጨት መሰንጠቂያው እንደገባ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ፈታው። ሰደፉን ያሻሻል፣ ያሸታል፣ “ይሄ እንጨት ስንት ዓመት ቢደርቅ ነው!” ይላል። እኔን እንዲህ አገላብጦ አይቶኝ አያውቅም።

ለጠየቅኸኝ፣ አዎ፣ አሳማዎቹ አሁንም ይመጣሉ። ከጫካው ጠርዝ ያለውን ድንች ግማሹን ገልብጠውታል። “በዚህ ዘመን በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ማን ይገዛል?” ብለህ ስቀህብን ነበር። እኛ እንገዛለና። ለአዲሱ ዓይነት ፈቃድ ለማግኘት ሦስት ቢሮ መመላለስ ሊኖርብን ነው፤ ለአሮጌው ግን አንድ ፊርማ በቃ። ባሩዱን በወሩ መጨረሻ እናገኛለን ተብለናል።

ቀይ ክርህንም ቃታው ላይ ታስሮ አየነው። ድንቢጥ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። “አጎትሽ የገዛውን ጠመንጃ ሁሉ በዘንግ መርምሮ ባዶ መሆኑን ሲያረጋግጥ የሚያስረው ምልክት ነው፤ አያትሽም እንደዚሁ ያደርግ ነበር” አልኳት። ፈትታ ጸጉሯን አሰረችበት።

አንድ ቅሬታ ግን አለን። ባሩዱና ጥይቱ የሚጠቀጠቅበት ዘንግ ረዝሞብናል። አናጢው ቧንቧው ውስጥ ቢከተው አራት ጣት ያህል ወደ ውጭ ተርፎ ቀረ። “ወንድምሽ ጠመንጃ ያውቃል እንጂ ልክ አያውቅም፤ የሌላ ጠመንጃ ዘንግ ነው የላከልን” ብሎ ሳቀብህ። የሱን ነገር ታውቀዋለህ፣ ከልኩ የወጣ ነገር ካየ እህል አይበላለትም። መጋዝ አምጥቶ ከአፈሙዙ እኩል ቆረጠው። ጫፉንም በብርጭቆ ወረቀት አለሳልሶ አሳመረው።

መልስህን ቶሎ። ደግሞ እባክህ፣ አንድ ነገር ልትነግረን ስትፈልግ ከተማውን ሁሉ ዞረህ አትምጣ። ጠመንጃውን በየትኛው መኪና እንደላክኸው ያገኘሁት አራተኛው ገጽ ላይ ነው።

እህትህ

ጥቅምት 15 ቀን፣ ጠዋት
(ይህ ደብዳቤ አልተላከም)

እትዬ፣

ጠመንጃውን አትንኩት። ጎርሷል።

አራት ጣት የተረፈው ዘንጉ ረዝሞ አይደለም። ዘንጉ የራሱ ነው፣ ልኩም ትክክል ነበር። ከቧንቧው ሥር ሌላ ሰው ያጎረሰው ባሩድና እርሳስ ተቀምጧል፤ ዘንጉ የቆመው እሱ ላይ ነው። ጋሼ አናጢው በዚያ ላይ ሌላ አጉርሶ ቢተኩስ ብረቱ ይፈነዳል። ማንም ቃታውን አይንካ። ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ። መጥቼ ራሴ ባዶ አደርገዋለሁ።

እንዴት ሆነ ትዪኛለሽ። የሸጠችልኝ የአንድ ሽማግሌ አዳኝ ሚስት ናት። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ጠመንጃውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋድማ “እሱ ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ አጉርሶ ግድግዳ ላይ አይሰቅልም” አለችና አለቀሰች። እኔ ዘንጌን አውርጄ በእጄ ይዤ ነበር። እሷ እያለቀሰች ዘንግ መክተት ሟቹን ፊቷ ላይ ውሸታም ማለት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ዘንጉን መልሼ ሰቀልኩና ቀዩን ክር እያየችኝ አሰርኩ። “እንዳሉት ነው እመቤቴ” አልኳት። ስትወጣ እመረምረዋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ገዢ ገባ፣ ከዚያ የምሳ ሰዓት ሆነ። በማግስቱ ክሩን ሳየው የመረመርኩት መሰለኝ።

አባባ “መጀመሪያ ዘንግ፣ ከዚያ ክር” እያለ ስንቴ ቆንጥጦኛል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ነው ክሩን ያስቀደምኩት። እሱም ለናንተ ደረሰ።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ የጋሼ አናጢው አይደለም።

ጥቅምት 15 ቀን፣ ከሰዓት
(የተላከው)

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበታችሁልኝ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ነበር፣ አሁን ለቆኛል። ድንቢጥ አሥራ ሁለት ሞላት ስትዪኝ ደነገጥኩ። ጣቴን ይዛ ሱቁ ውስጥ ስትዞር የነበረችው ትናንት ይመስለኛል። በኔ ስም ግንባሯን ሳሚልኝ።

ገበያው እንዳለ ነው። ሊሸጥ የመጣ ሰው ሁሉ አያቱ በጠመንጃው ነብር ገድሎበታል፤ ሊገዛ ለመጣው ደግሞ ከዝገት በቀር የሚታየው ነገር የለም። እኔ መሐል ቆሜ ለሁለቱም እውነት ነው እላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ሰደፉ በሽቦ የታሰረ ጠመንጃ ይዞ መጥቶ “ከሰደፉ በቀር ሁለመናው ጤነኛ ነው” አለኝ። ቧንቧው ውስጥ ሸረሪት ወልዳ ነበር።

ስለ ዘንጉ ጋሼ አናጢው ቢስቅብኝ አይፈረድበትም። ምናልባት የሌላ ጠመንጃ ዘንግ ተቀላቅሎብኝ ይሆናል። አመቺ ጊዜ ሳገኝ ሌላ እልካለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን ባይተኩስበት ደስ ይለኛል። የሚያሰጋ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ለጥንቃቄ ያህል ነው። ጥር ላይ እናንተን ለማየት ስመጣ አንዴ እጄን ላሳርፍበትና ከዚያ እንደ ልቡ ይተኩስ። ደግሞ አሳማ ጥር ላይም አለ።

ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ስለሆነ በዚሁ ላብቃ። ጎረቤቶቻችሁንም ሰላም በሉልኝ።

ወንድምሽ

ኅዳር 9 ቀን

ወንድሜ፣

ከሹፌሩ ሰምተህ የላክኸው ማስታወሻ ደርሶኛል። ጠመንጃው ስለፈነዳበት ጠዋት ንገሪኝ ብለሃል። አልነግርህም፣ አልችልም። ከዚያ በኋላ ያለውን ልንገርህ። የድንቢጥ ቀኝ ዓይን ወጥቷል። ሐኪሙ ግራው እንደሚተርፍ ማለ። ተኝታ ነው የምትውለው፤ ፋሻው ሲቀየር አታለቅስም፣ እኔ ነኝ የማለቅሰው። የአባቷ ግራ እጅ ሁለት ጣት ጎድሎታል። እሱን አላሳከምኩትም፣ ጓደኞቹ ናቸው የወሰዱት።

ደብዳቤህ የደረሰን ጥቅምት 24 ቀን ነው። የተኮሰው በ28 ነው። አራት ቀን ሙሉ ደብዳቤህ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ነበር! “ወንድሜ አትተኩስ አላለህም?” ብለው “ለጥንቃቄ ያህል ነው ያለው፣ የሚያሰጋ ነገር የለም ብሏል፤ እሱ ደግሞ ለሁሉም ነገር እንደዚህ ነው” አለኝ። አሳማዎቹ በ27 ቀን የቀረውን ድንች ገልብጠውት ስለነበር ንዴት ላይ ነበር።

እሱ እንደሚለው ሳያውቅ ሁለት ጊዜ አጉርሶ መሆን አለበት። ድንቢጥ የባሩዱን ቀንድ ይዛለት፣ እየተጫወቱ፣ እየተሳሳቁ ነበር አሉ። በወሬ መሐል ደግሞ ጨመረበት። ለወሬ!

ከቤት አስወጥቼዋለሁ። መሰንጠቂያው ግቢ ውስጥ ጣውላ የሚደረደርበት ክፍል ነው የሚያድረው። ጎረቤት ሁሉ ጨከንሽ ይለኛል። ይበሉ።

ጠመንጃ የምታውቀው አንተ ነህ። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ሁለት ጊዜ የጎረሰ ጠመንጃ እንዲህ ያደርጋል? ጥፋቱ የሱ ነው? አዎ ወይም አይደለም በለኝ። አሥራ አምስት ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ነውና ባንተ ቃል ላይ ነው ቁርጤን የማደርገው።

እህትህ

ኅዳር 20 ቀን

ለውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ሥራ መሥራት አቅቶኛል። የሱቁን በር እከፍትና ቁጭ ብዬ እውላለሁ። ምን ብዬ እንደማጽናናሽ አላውቅም። የኔ ቃል ምን ያደርግልሻል?

ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ሁለት ጊዜ የጎረሰ ጠመንጃ ሊፈነዳ ይችላል። ይህ የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን እትዬ፣ ሰው ነውና አትጨክኚበት። ብረት ተንኮለኛ ነው፤ አሮጌ ጠመንጃ ደግሞ ማንም የማያውቀው ስንት ነገር ይኖረዋል። ጋሼ አናጢው ልጁን የሚወድ ሰው ነው። ፍርዱን ለጊዜው ብታቆዪው እላለሁ።

እስካሁን መጥቼ ያላየኋት የእግሬ ነገር ስለጠናብኝ ነው። መንገዱንም ዝናብ ቆርጦታል ይላሉ። ትንሽ ቀለል ሲለኝ እመጣለሁ።

ጠመንጃውን የሸጠችልኝ፣ ባሏ የሞተባት ሴትዮ ሰሞኑን በሱቁ በር ስታልፍ ጎራ ብላ ነበር። “ለማን ሸጥከው?” አለችኝ። ለጥሩ ሰዎች አልኳት። “ደስ አለኝ፣ እሱም ደስ ይለዋል” ብላ መርቃኝ ሄደች። ይህን ለምን እንደምጽፍልሽ እኔም አላውቅም።

ለድንቢጥ ሃያ አራት ቀለም ያለው እርሳስ፣ የስዕል ደብተርና የሱፍ ሹራብ ልኬያለሁ። ሹራቡ ቢሰፋት ዓመት ሲደርስ ይሆናታል።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 12 ቀን

ወንድሜ፣

እርሳሶቹ ደርሰዋል። ድንቢጥ “እንደ አጎቴ ያለ ሰው የለም” ትላለች። ሰው በጠየቃት ቁጥር ሹራቡን ገልጣ ታሳያለች።

እንዴት እየሆነች እንደሆነ ልንገርህ፤ እየለመደች ነው። ውሃ ስትቀዳ ከብርጭቆው ጎን ታፈሰዋለች። ስለዚህ መጀመሪያ በጣቷ የብርጭቆውን አፍ ትነካና ከዚያ ትቀዳለች። ደረጃ ስትወርድ በእግሯ ትፈልጋለች። ክፍል ውስጥ ከቀኟ ሲጠሯት ትደነግጣለች። ዝምታ አብዝታለች፤ ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ አላውቅም።

አንተ ፍርድ አቆዪ ትለኛለህ። እኔ ግን አዎህን ነው ያነበብኩት። ደብዳቤህን ይዤ መሰንጠቂያው ድረስ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ሁሉ መጋዙን አቁመው ሲያዩን “ይኸው፣ ወንድሜም አዎ ብሏል! ሁለት ጊዜ አጉርሰህ ነው የልጅህን ዓይን ያጠፋኸው! አትተኩስ ሲልህም አልሰማህም!” ብዬ አነበብኩለት። እጁ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ ቆሞ ነበር። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ቢመልስልኝ ይሻለኝ ነበር።

ቁርጤን አድርጌያለሁ። ፍቺውን እጠይቃለሁ። የትምህርት መንፈቁ ጥር መጨረሻ ሲዘጋ ከድንቢጥ ጋር ወደ አንተ እንመጣለን። ከሱቁ በላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች ባዶ እንደሆኑ አውቃለሁ። የስፌት መኪናዬን ይዤ ስለምመጣ ሸክም አልሆንብህም። ከአባባ ቤት በቀር የምሄድበት የለኝም፤ ካንተ በቀርም የማምነው ሰው አልቀረኝም።

ክፍሎቹን አናፍሳቸው።

እህትህ

ታኅሣሥ 19 ቀን

ለሚስቴ ወንድም፣

ጽሑፌ ከተንጋደደ ይቅርታ፤ ወረቀቱን የሚይዝልኝ ግራ እጄ ገና አልጠናም። ለድንቢጥ ስለላክኸው ሹራብ አመሰግናለሁ።

ጠመንጃውን ማንም ሊነካው ስላልፈለገ እኔ ሰብስቤ አስቀምጬዋለሁ። ባለፈው እሁድ ሥራ ስለሌለ አውጥቼ አየሁት። ቧንቧው የተሰነጠቀው ከሥሩ በላይ ነው። ዘንጉንም አመጣሁ፣ የቆረጥኩትንም ቁራጭ ከመጋዝ ሳጥኔ ውስጥ አገኘሁት። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ ገጥሜ ከቧንቧው ጎን አጋደምኳቸው። ከአፈሙዙ እስከ ሥሩ፣ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ልክ ነው። አንድ ጣት አይተርፍም፣ አንድ ጣት አይጎድልም።

እንጨት ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሩ ገባኝ። ዘንጉ ረጅም አልነበረም። አንድ ነገር ላይ ነበር የቆመው።

ልወቅስህ አይደለም የጻፍኩት። የኔን ድርሻ አልክድም። ዘንጉ ተርፎ ሳየው ለምን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ክሩን አየሁ። ክርህ ካለ ጠመንጃው ባዶ ነው፣ ባዶ ከሆነ የተሳሳተው ዘንጉ ነው ብዬ መጋዝ አነሳሁ። ሳይለካ የሚቆርጥ አናጢ ምን ይባላል? ከሥራ የማባርረው ሰው ነው።

ለእህትህ አልነገርኳትም። ብነግራት ጥፋቱን ወደ ወንድሟ አዞረ ትለኛለች። ካመነችኝ ደግሞ ወንድም ታጣለች። ስለዚህ ስትጮህብኝ ዝም አልኩ። በዚሁ እቀጥል ነበር።

ነገር ግን ድንቢጥ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከእናቷ ተደብቃ በአጥሩ በኩል ታየኛለች። ባለፈው ዓርብ ጠየቀችኝ። “አባዬ፣ ሁለት ጊዜ ያጎረስከው እኔ ስላወራሁህ ነው አይደል?” አለችኝ። አይደለም አልኳት። አላመነችኝም። “ዝም ብልህ ኖሮ አትረሳም ነበር” ብላ ሄደች። ወሬዋን ትታ ዝምታ ያበዛችው ለዚህ ነው። ወሬ ዓይኗን ያጠፋባት ይመስላታል።

የኔን እችለዋለሁ። የሷን ግን ልችልላት አልቻልኩም። እኔ “አይደለም” ብላት አባቷ ስለሆንኩ ነው የምትለው። ምን ማድረግ እንዳለብህ አልነግርህም።

አናጢው

ጥር 2 ቀን

እትዬ፣

ጠመንጃው ከሱቄ የወጣው ጎርሶ ነው። ባልሽ ሁለት ጊዜ አላጎረሰም። አንድ ጊዜ ነው ያጎረሰው፤ ከሥሩ የነበረው ሌላ ሰው ያጎረሰውና እኔ ሳልመረምር ክር ያሰርኩበት ነው። ድንቢጥ ስላወራችው የሆነ ምንም ነገር የለም።

አሁን የቀረውን ልንገርሽ፤ የባሰው እሱ ነው። ቀድሜ አውቄ ነበር።

ዘንጉ አራት ጣት ተርፎ ቆረጠው ብለሽ የጻፍሽልኝ ጥቅምት 15 ቀን ጠዋት ደረሰኝ። ያንን መስመር ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ወዲያው ሁሉንም ዘርዝሬ ጻፍኩልሽ። ጎርሷል፣ አትንኩት ብዬ ነበር። ደብዳቤው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አልልክልሽም፤ ብልከው “ያን ዕለት ልቡ ደህና ነበር” እንድትዪልኝ መሆኑን አውቄያለሁ።

ደብዳቤው ዘጠኝ ቀን ይፈጃል ብዬ ቴሌግራም ቤት ሄድኩ። “አትተኩሱ ጎርሷል።” ሁለት ቃል ነበረች። ተሰለፍኩ። ከፊቴ ሁለት ሰዎች ነበሩ። መስኮቱ ላይ ያለው ጸሐፊ የሚቀበለውን መልእክት ጮክ ብሎ እያነበበ ነው የሚጽፈው፣ ታውቂዋለሽ። ከኋላዬ ሁለት ደንበኞቼ ቆመዋል። የዚህ ሱቅ ጠመንጃ ጎርሶ ተሸጠ ሲባል፣ የአባባ ክር ሐሰት ሆነ ሲባል በጆሮዬ ተሰማኝ። ተራዬ ሲደርስ “ቴምብር ስጠኝ” አልኩት። ቴምብሩን ገዝቼ ወጣሁ። ያቺ ቴምብር ናት ከሰዓት በኋላ በላክሁት ደብዳቤ ላይ የተለጠፈችው። የሚያሰጋ ነገር የለም ያልኩበት ደብዳቤ።

ባልሽን “አትተኩስ ሲልህ አልሰማህም” ያልሽው በሱ ነው። እኔ በውሸት ያለዘብኩትን ቃል አንቺ መክሰሻ አደረግሽው። ሁለተኛውን፣ አዎ ሊፈነዳ ይችላል ያልኩሽን ስጽፍ ደግሞ ምን እንደምታደርጊበት ገብቶኝ ነበር። እውነት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ውሸት ያልሆነ ቃል ፈልጌ ዋሸሁሽ።

እግሬም ደህና ነው። መንገዱም አልተቆረጠም። ልጅቷን ማየት ፈርቼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሱቁ ውስጥ ያሉትን አሥራ ዘጠኝ ጠመንጃዎች ክራቸውን ፈትቼ እንደገና መረመርኳቸው። ሁሉም ባዶ ናቸው። ያለፈውን ዓመት ገዢዎቼንም በየቤታቸው እየዞርኩ ዘንግ ከትቻለሁ፤ ለምን እንደመጣሁም ነግሬያቸዋለሁ። ከተማው አሁን ያውቃል። ለዚያች ሴትዮም ነግሬያታለሁ። ቁጭ ብላ ሰማችኝና “ያን ዕለት ብትመረምረው እቀየምህ ነበር፤ ግን ይረሳኝ ነበር” አለችኝ።

ክፍሎቹን አናፍሻቸዋለሁ። ብትመጡም ቤታችሁ ነው። የማን ጣራ እንደሆነ ግን አውቀሽ ግቢ።

ይቅር ትዪኛለሽ?

ወንድምሽ

ጥር 19 ቀን

ደብዳቤህ ደርሷል። ሦስት ቀን ሙሉ ልብስ ስሰፋ ዋልኩ እንጂ መልስ አልጻፍኩም። መጻፍ ብጀምር የሚወጣው ስድብ ብቻ ነበር። አሁንም አለ፤ ግን ሌላም የምለው ስላለኝ ነው።

በአራተኛው ቀን ደብዳቤህን ይዤ መሰንጠቂያው ሄድኩ። ያኔ በሰው ፊት ስለሰደብኩት ይሄንንም በሰው ፊት ነው ያነበብኩት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ቴምብሯ ጋ ስደርስ ማንበብ አቃተኝና አንዱ ሠራተኛ ተቀብሎ ጨረሰልኝ። አናጢው ጣውላ ላይ ተቀምጦ ሰማ። “ታውቅ ነበር?” አልኩት። “ለክቼ ነበር” አለኝ። “ለምን አልነገርከኝም?” ብዬ ጮህኩበት፤ አሁንም መጮህ! “ትሰሚኝ ነበር?” አለኝ። አልሰማውም ነበር። እውነቱን ነው።

ቤት ገብቷል። ግን በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እንደ እንግዳ። ምግብ ሳቀርብለት አመሰግናለሁ ይለኛል። አሥራ አምስት ዓመት አመሰግናለሁ ብሎኝ አያውቅም፤ “ጨው አነሰው” ነበር የሚለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? እያሸሁት ነው። ምን ያህል እንደሚፈጅ አላውቅም።

ወዳንተ አንመጣም።

ሁለታችሁም እኔ የምችለውንና የማልችለውን ለኔ ወሰናችሁልኝ። እሱ እኔን ብሎ ነው፤ አንተ ራስህን ብለህ። ልዩነቱን አውቃለሁ። ግን በሁለታችሁም ነዶኛል። በራሴም ነዶኛል፣ አዎህን ስትሰጠኝ ከሥሩ ያለውን አላየሁም። የዞረ ቃልህን ከልጅነትህ ጀምሮ አውቀዋለሁ እኮ። አባባ ሲቆጣህ ገና ነገሩን ሳትነግረን ስለ አየሩ ማውራት ትጀምር ነበር። ያን ደብዳቤ ሳነብ ስለ ሸረሪቷ ስቄ ነበር። ሸረሪት ካመጣህ የሆነ ነገር እንዳለ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ይቅር ትዪኛለሽ ብለሃል። እኔን አትጠይቀኝ፤ ዓይኑ የኔ አይደለም።

ለድንቢጥ አልነገርኳትም። አባቷም አልነገራትም፤ በወሬዋ የመጣ እንደሚመስላት ግን አሁን ነግሮኛል። እኛ ብንነግራት ለማጽናናት ነው የምትለው፤ አንተ ብቻ ነህ የምትታመነው፣ የሚጎዳህ ስለሆነ። ለሷ ጻፍላት። ፊደሉን ትልልቅ አድርገው፤ ደቃቃ ጽሑፍ ግራ ዓይኗን ያደክመዋል። ዞረህም አትምጣ። ጣቷን እያስኬደች ቃል በቃል ነው የምታነበው፤ ነገሩ ጋ ሳትደርስ ይደክማታል።

እህትህ

ጥር 28 ቀን

ድንቢጥ፣

አንቺ ስላወራሽ አይደለም።

ጠመንጃውን ስልክላችሁ ጎርሶ ነበር። ሳልመረምር ነው የላክሁት።

ከዚያ አወቅሁ። ገና አልተኮሳችሁም ነበር። አፍሬ አልነገርኳችሁም።

አባትሽ አንድ ጊዜ ነው ያጎረሰው። ብትዘምሪለትም፣ ብትስቂበትም፣ ዝም ብትዪም ይፈነዳ ነበር።

እርሳሶቹን የላክሁልሽ ይህን ሳልነግርሽ ነው። ካልፈለግሽ መልሺልኝ። ብትፈልጊም ያንቺ ናቸው።

መምጣት እፈልጋለሁ። አንቺ ና ካላልሽኝ አልመጣም።

ይህን ለመጻፍ አምስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ሁሉም ስለ አየሩ ነበር የሚጀምሩት።

አጎትሽ